የጀልባው ግራ ጎን

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። 11 ሰ.

ሜትሩን ይዤ ቆሜያለሁ። አባዬ ጫፉን ይጎትታል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ይረሳዋል፣ እንደገና ይጎትታል። ርዝመት 6 ሜ. ከ20። ወርድ 2 ሜ. ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት። ቀጥሎ ፎቶ። ኢንሹራንስ ቤት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ አንሥታችሁ አምጡ ብሏል። አነሣሁ። ኦቦ ዲንሳ በአራቱም ውስጥ አሉ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ማንም ያልሾማቸው የሰፈሩ አማካሪ። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ ብላቸው የጀልባ መጠን የሚታወቀው ሰው አጠገቡ ሲቆም ነው አሉኝ። ከረባታቸውንም አስተካከሉ።

ደብተሬ፣ በአማርኛ የምጽፍብሽ ወድጄ እንዳይመስልሽ። ታናሽ ወንድሜ ኬኔሳ መሳቢያ ይበረብራል፣ የሚያነበው ግን ቁቤ ብቻ ነው። ፊደል ለእሱ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም።

አዎ፣ ጀልባ። ነቀምቴ ላይ። ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን፤ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ ያለው ውኃ የቧንቧ ነው፣ እሱም ደስ ባለው ቀን። አባዬ በርና መስኮት በያጅ ነው። ጀልባውን የበየደው ለአጎቴ ለእንድሪስ ነው፤ የእማዬ ወንድም። ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ውስጥ ትልቅ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያጠምዳል። ከሄደ ስድስት ዓመቱ። የእንጨት ጀልባ በሰበሰብኝ፣ የብረት ሥሩልኝ ብሎ በድምፅ መልእክት ላከ። አባዬ ጀልባ አይቶ አያውቅም። ግን በር ያውቃል። እናም ጀልባችን የተኛ በር ይመስላል። ቀለሙም ከሰው በር የተረፈ አረንጓዴ ነው።

ጀልባውን በተሳቢ ጎትቶ ሞያሌ ድረስ የሚነዳውና ድንበር የሚያሻግረው አያቴ ነው፣ የእማዬና የእንድሪስ አባት፣ አባባ ይመር። ከእንግዲህ አ.ይ. ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ሙሉ ስሙን ከጻፍኩ ተጠርቶ የሚመጣ ይመስለኛል። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አንገር ጉቲን እርሻ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ትራክተር ነድቷል። እኛ ቤት ከመጣ አራት ዓመቱ። በሰፈራችን ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት የሚችል ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም በቀን ሦስት ጊዜ ይነግረናል፣ ከምግብ በኋላ፣ እንደ መድኃኒት።

ልጁን ለማየት ስድስት ዓመት ጠብቋል። ይህን ግን አይነግረንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ማታ፣ ከእራት በፊት

ኢንሹራንስ ቤት ዋልን። አባዬ፣ አ.ይ.፣ ኦቦ ዲንሳ (ማን ጠራቸው) እና እኔ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። የምታስተናግደው ወ/ት ሌንሴ ትባላለች። ወጣት ናት፣ አትስቅም፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች።

ጠየቀች። መኪናው ሊብሬ አለው? አለው፣ የአባዬ ፒክአፕ ነው። ተሳቢውስ? አባዬ ደረቱን ነፍቶ ተሳቢው የእጄ ሥራ ነው አለ። ጎማና አክስሉ ከተገለበጠ ሚኒባስ፣ የኋላ መብራቱ ከባጃጅ፣ ከመኪናው የሚያያይዘው ጋንቾ ከራሱ ጭንቅላት። ወ/ት ሌንሴ ጻፈች። ቀጥላ ከዚህ በፊት አደጋ ደርሶበታል ወይ አለች። አባዬ የለም ሊል አፉን ሲከፍት ኦቦ ዲንሳ ቀደሙት፦ የተገለበጠው ጎማው ብቻ ነው፣ ጀልባው በሕይወቱ ተገልብጦ አያውቅም። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ለተሳቢው ታርጋ፤ ትርፍ ጎማ፤ ጋንቾው ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለት፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ፤ ጀልባውን አባዬ መሥራቱን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ። ለመኪናው ደግሞ ቢጫ ካርድ፤ ከድንበር ወዲያ ሰው ብንገጭ የሚክስ ወረቀት ነው። ቤት ስንገባ ኬኔሳ ሰምቶ ሁለተኛ ከሰጡን ቀይ ይሆናል ወይ አለ። ኦቦ ዲንሳ አይሆንም ብለው በቁም ነገር አስረዱት።

ደብዳቤውን ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ቦርሳቸው ውስጥ ከነበረ አሮጌ ናሙና ቀዱት። «ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ጀልባ የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆን እስከ ዛሬ ትዳር ያልመሠረተ…» ይላል። ቀበሌ ሳይደርስ በእኔ እጅ ተስተካክሏል። ዋናውን አስቀርቼዋለሁ። ስሞት ከእኔ ጋር ይቀበር።

ከቢሮው ከመውጣታችን በፊት አ.ይ. የፓስፖርት ፎቶውን ለወ/ት ሌንሴ ሰጣት። ፊቱ ወደ ግራ ዞሯል። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ ቀጥ ይበሉ ብሎት ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ዶሮ አንገቱን ጠመዘዘ። የድሮ ሹፌር ስፖኪዮ ካላየ ፎቶ አይነሣም አልኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱ ከሁሉ አብልጦ።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ከት/ቤት መልስ

ቅጹ መጣ። ሁለት ኮፒ፣ ወ/ት ሌንሴ አንዱ ቢበላሽ ብላ። አባዬ የእጅ ጽሑፉ ስለማይነበብ ሙዪው አለኝ። ሁለቱንም ሞላሁ። አንዱን ለእነሱ፣ አንዱን ለእኔ። የእኔውን ልንገርሽ፤ ኮርቼበታለሁ።

የሹፌሩ ስም፦ ይመር። ሙያ፦ ስለ ትራክተር ማውራት። የጤና ሁኔታ፣ ጆሮ፦ ሲጠሩት አይሰማም፣ ቆሎ ሲቆላ ግን ከአንገር ጉቲን ይሰማል። ዓይን፦ ቀኙ ይሠራል፣ ግራው ለጌጥ ነው።

የመጨረሻው ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ማዕድ ላይ ሁልጊዜ በግራው ነው የምቀመጠው። ድንች ወጥ ሲሆን በእሱ በኩል ካለው ድንች አንድ አንድ እወስዳለሁ። ድንቹ ሲያልቅ እናትሽ ድንች መቁጠር ጀመረች ይላል። አራት ዓመት ሙሉ አልተነቃብኝም። ኬኔሳ ሞክሮ ነበር፣ በቀኝ በኩል፣ ሞኝ። እጁን ተመታ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። 12 ሰ.፣ ከአኖ መልስ

ጀርባዬ አለቀ። ሙከራ ነበር፦ ጀልባውን ጎትተን በአዲስ አበባ መንገድ እስከ አኖ፣ ከዚያ መመለስ። ጠዋት የጎማው ኩሽኔታ ግሪስ ተቀባ፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተጠበቀ፣ ኦቦ ዲንሳ ረዘም ያለ ጸሎት አደረጉ። ለጋንቾው ብቻውን ሁለት ደቂቃ ጸለዩ፤ በሥራው ጥራት እንደማይተማመኑ አባዬ ገብቶታል።

መንገዱ ሁሉ ሰው ይቆማል። አንዲት ገበያተኛ ምን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። የአባዬ ትልቁ በር ነው አልኳት። በሩ ይህን ካከለ ቤቱን ማየት ነበር አለች።

አኖ ስንደርስ መዞር አለ፣ ለመዞር ወደ ኋላ መግባት አለ። እዚህ ላይ የእኔ ሥራ። አ.ይ. ከመጣ ጀምሮ ጨዋታችን ነው፤ መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ እኔ በግራ በኩል በዱላ እየመታሁ እሄዳለሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ስመታ ይመጣል፤ ሳቆም ይቆማል። ድሮ እርሻ ላይም ረዳቱ እንዲህ ነበር የሚያደርገው ብሎኛል። ዛሬ የጀልባውን ላሜራ መታሁት፣ እንደ ደወል ይጮኻል። አ.ይ. አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሮ ስድስት ሜትር ጀልባ በሁለት ግንድ መካከል አስገባ። ጥፍር ያህል አልነካም። የአኖ ሰው አጨበጨበ። ወርዶ ሱሪውን አራገፈ፣ እንዳልሰማ ሆነ። ስድስቱንም ጭብጨባ ግን ቆጥሯል፤ ማታ ሲያወራ ስድሳ ይሆናል።

ጥሩ ቀን ነው። ጻፊልኝ፣ ጥሩ ቀን ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10። ምሳ ሰዓት፣ ከት/ቤት ተጠርቼ

ደብተሬ፣ ሞቻለሁ።

አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ሳንወጣ በጥድፊያ ቅጹን አስገብቶ ነበር። የትኛውን እንዳስገባ ገምቺ። ከነፊርማው። ከነማኅተሙ። ሳያነብ።

ወ/ት ሌንሴ ቅጹን የሞላው ሰው ይምጣ ብላ ነበር፤ ስደርስ እንደገና ደወለች። አባዬ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎ ነበር፤ እማዬ፣ ኦቦ ዲንሳ፣ አ.ይ.፣ በር ሊያዝዙ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ሁሉም ባሉበት። በቢሮ ድምፅዋ አንድ በአንድ አነበበችው። ሙያ፣ ስለ ትራክተር ማውራት። ቆሎ ሲቆላ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በር ገዢዎቹ ግድግዳ ተደገፉ። ከዚያ ዓይን፣ ቀኙ ይሠራል፣ ግራው ለጌጥ።

እኔ አ.ይ.ን እያየሁ ነበር። ይስቃል ብዬ። እሱ የራሱን ሐሜት ከሁሉ አብልጦ ነው የሚስቀው። አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፣ የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ገጨው።

ወ/ት ሌንሴ ቀልድ መሆኑ ገብቷታል። ሆኖም ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው፣ የተጻፈውን እንዳላየሁ ልሆን አልችልም አለች። የዓይን ምርመራ ወረቀት አምጡ።

ቅጣቴ፦ አንድ ሳምንት ስልክ የለም። ኦቦ ዲንሳ ስለ አንደበት ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ በቃል እንዳጠና አዘዙ። አባዬ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብሎ ጀመረና አልጨረሰም። እሱ ሳይጨርስ ሲቀር ነው የሚያስፈራኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። 10 ሰ.

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የዓይን ክሊኒክ። አ.ይ.፣ አባዬ፣ እኔ (ጥፋተኛዋ ትምጣ ተብዬ)። ግድግዳው ላይ እግራቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዘረጉ ምልክቶች አሉ፤ በእጅ ማሳየት ነው። ነርሱ አንድ ዓይን ይሸፍኑ አለው። አ.ይ. በቀኝ እጁ ግራ ዓይኑን ሸፈነ። ሁሉንም አሳየ፣ እስከ ታችኛው መስመር። ነርሱ ጎበዝ፣ አሁን ሌላውን አለው። አ.ይ. ቀኝ እጁን አወረደ። ግራ እጁን አነሣ። ያንኑ ግራ ዓይን ሸፈነ። አሁንም ሁሉንም አሳየ።

እኔ አየሁ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ። ሽማግሌ ፈተና ሲኮርጅ አይቼ አላውቅም። ነርሱ ሊጽፍ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። በትሕትና ነው የተናገረው፦ «አባባ፣ የቀየሩት እጅዎን ነው። ዓይንዎን ይቀይሩልኝ።»

አ.ይ. ቀኝ ዓይኑን ሸፈነ። ፊቱ ወደ ሰሌዳው ነው። እጁ አይንቀሳቀስም።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። አምፖሉ በርቷል። ቀን ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል።

አባዬ ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ፣ አለ፣ ቀስ ብሎ። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ነርሱ በባትሪ አየው። ጠባሳ ነው፣ የቆየ፣ ብረት የገባበት ይመስላል። ያኔውኑ መጥተው ቢሆን አለና ተወው። ቀኙ ደኅና ነው፣ በጣም ደኅና።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ክሊኒኩ ውስጥ ቆሜ የምሰማው እሱን ነው። ጨዋታ አልነበረም። አራት ዓመት ሙሉ።

ድንቾቹ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12። ጠዋት 1 ሰ.፣ ከት/ቤት በፊት

እማዬ ጠየቀችው። ቁርስ ሳይቀርብ፣ በቁሟ። መቼ ነው አባቴ? እሱ ተይኝ አላት። መቼ ነው አለችው እንደገና፣ በወሎኛዋ፣ ስትናደድ ነው የሚመጣባት። ነገራት።

ከአንገር ጉቲን የመጣ ጊዜ ነው። አንድ ቦርሳ ይዞ ነበር የመጣው፣ አስታውሳለሁ፣ ቦርሳው ውስጥ የትራክተር ቁልፍ ነበረ፣ ትራክተር ግን የለም። በሦስተኛው ሳምንት አባዬ የግቢያችንን በር እየሠራ ነበር፤ ያን አረንጓዴውን። ቁጭ ብዬ ከምበላ ብረቱን ልያዝልህ አለው። አባዬ ይቆርጣል፣ እሱ ይይዛል። አንድ ፍንጣሪ። አቧራ ገባኝ አለና ታጠበ። በቃ። አንድ ወር ጨርቅ በውኃ እየነከረ ዓይኑ ላይ አድርጎ ተኛ፣ እኛ ራሱን ያመዋል አልን።

ለምን ዝም አልክ አለችው። የመለሰውን ቃል በቃል፦

«በአማቼ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኔን አጠፋችሁት ልበል? ተቀብሎ ያበላኝን ሰው?»

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። የብየዳ መነጽሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ያኔ ያደረገው አባዬ ነበር። ይህን የነገረኝ የለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አሁንም አንድ ስለሆነ ነው ያወቅኩት። ወጣ። አረንጓዴው በር ጋ ቆመ። የሠራውን በር እንደማያውቀው ሰው በእጁ ዳሰሰው።

ትምህርት ረፍዷል። ይርፈድ።

ዓርብ፣ የካቲት 14። 11 ሰ.

ሽማግሌ ተሰበሰበ። ማለትም ኦቦ ዲንሳ መጡ፣ ሁለት ከመሰሏቸው ጋር። የምክራቸው ፍሬ ነገር፦ ነቀምቴ ላይ ወሬው ወጥቷል፤ ጊምቢ ግን ሌላ ኢንሹራንስ ቤት አለ፣ እዚያ ይመርን ማን ያውቀዋል። አዲስ ቅጽ ይሞላ። ዓይን የሚለው ላይ ጤነኛ ይባል። ቀኙ ጤነኛ ነው አይደል? ስለ ግራው ዝም ማለት ሐሰት አይደለም አሉ። እኔ ስለ አንደበት ያዘዙኝን ምዕራፍ በቃሌ ልወጣላቸው ጀመርኩ። እማዬ በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ግን ወ/ት ሌንሴ ያለችውን ተናገርኩ፤ ሐሙስ ብቻዬን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያት ነበርና። ሐሰት የተጻፈበት ወረቀት አደጋ ሲደርስ ባዶ ወረቀት ነው ብላኛለች። ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ለተገጨውም ሰው። ከድንበር ወዲያ የሰው ልጅ ቢተኛ ማን ይደርስለታል? እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ነው ይህን ያለችኝ።

ኦቦ ዲንሳ ይህን ሲሰሙ ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ።

እንግዲያው ማን ይንዳ? አባዬ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ተሳቢ ወደ ኋላ ግን ነድቶ አያውቅም። ሌላ ሹፌር ይቀጠርና አ.ይ. ተሳፍሮ ይሂድ ተባለ። አ.ይ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ጭነት አይደለሁም። ተጭኜ ልጄ ፊት አልወርድም። ጀልባውን ውሰዱለት፣ እኔ እዚሁ ነኝ።

እማዬ ስልኳን ከፍታ የእንድሪስን ድምፅ አሰማችው። ሌላው ይቅር፣ አባባን ይዛችሁልኝ ኑ ይላል፤ ከኋላው ውኃ ይንቦጫረቃል። አ.ይ. በቀኝ ጆሮው አዳመጠ። እንደገና ክፈቺው አላት። ሦስት ጊዜ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። 8 ሰ.

ኳስ ሜዳ። አባዬ ይለማመዳል። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ሲያዞር ጀልባው እንደ ታጠፈ ቢላ ይታጠፍና መኪናውን ሊያየው ይመጣል። ሕፃናት ይቆጥራሉ። በዘጠነኛው የግቡን ቋሚ ገጨ። ኬኔሳ ጎል አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለት ገጽ እጽፍበት ነበር። ዛሬ አላሳቀኝም። አባዬ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፣ አይተውም፣ እንደገና ይጀምራል። እኔ ግራው ላይ እየመታሁ ነው፤ እሱ ግን አይሰማኝም፣ ዓይኑን ነው የሚያምነው፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ ባንዴ ሊያይ ይሞክራል።

አ.ይ. ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። ጥርሱን ይነክሳል። እጁ ባዶ መሪ ያዞራል። በአሥራ ሁለተኛው ተነሥቶ ወደ ቤት ሄደ።

እሑድ፣ የካቲት 16። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ተናዘዝኩ። ለፓስተር አይደለም፣ ለእሱ። በጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጦ የተሳቢውን ገመድ ይፈትላል። በቀኙ በኩል ሄጄ ተቀመጥኩ፣ እንዲያየኝ። ስለ ቅጹ ይቅርታ አልኩ። ከዚያ ድንቹን። አራት ዓመት በግራህ በኩል እሰርቅህ ነበር አልኩት።

አውቃለሁ አለ።

ምን?

«እጅሽን እሰማዋለሁ። አንቺ ስትሰርቂ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ።»

ገመዱን መፍተሉን አላቆመም። ካስቆምኩሽ በዚያ በኩል አላይም ማለት ነው፣ ካላስቆምኩሽም ትወፍሪያለሽ፤ ብትወፍሪ ይሻላል ብዬ ተውኩት አለ። እኔ አለቀስኩ። እሱ አብሽሪ፣ አብሽሪ ይላል፣ ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሣ ጉንጬን ሲፈልግ አፍንጫዬን ያዘው።

ከዚያ ጠየቅኩት። ነገ ከነገ ወዲያ አባዬ ሲነዳ ግራውን ማን ይመታለታል? እኔ ት/ቤት አለኝ። ቀና አለ። እኔ? ረዳት? ሃያ ዓመት ሹፌር የነበርኩ፣ በዚህ ሽበት ከመኪና ወርጄ ዱላ ይዤ?

ተናደድኩ። ያሰብኩት አልነበረም፣ ከአፌ ወጣ፦ እኔ አራት ዓመት ረዳትህ ነበርኩ፣ አላፈርኩብህም።

ገመዱን ቋጠረው፣ ፈታው፣ ቋጠረው። ምሳ ላይ ግን አንድ ነገር አደረግኩ። በግራው ተቀምጬ የእኔን ድንች ወደ እሱ በኩል ገፋሁት። ትንፋሼን ሳልይዝ። በላው።

ሰኞ፣ የካቲት 17። 10 ሰ. ተኩል

ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቅጽ። አንድ ኮፒ ብቻ፤ ወ/ት ሌንሴ ሁለተኛ አልሰጥም ብላለች። አባዬ፣ እማዬ፣ አ.ይ.፣ ኦቦ ዲንሳ። እስክሪብቶው እኔ ጋ። የጊምቢ ነገር እንደገና ይነሣ ይሆን ብዬ ኦቦ ዲንሳን አየሁ። የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነው፤ ጫማቸው ክር የለውም።

የሹፌሩ ስም። አባዬ የእኔን ጻፊ አለ። ገመቹ። ጻፍኩ። ዓይን፣ ሁለቱም ደኅና። ጆሮ፣ ደኅና። እውነት ነው፣ ጻፍኩ። ከሥሩ «ረዳት» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ። ተንጠልጥሎ ቀረ።

አባዬ ከኪሱ አንድ ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አዲስ የብየዳ መነጽር። ከነላስቲኩ። አባ ይመር አለ፣ ከሮብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርቶት፤ ይሄ የእርስዎ ነው፣ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። ከዚያ፦ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ አልችልም። አይተውኛል። እዚህ ቤት የመጡ ሰሞን ብረቱን ልያዝልህ ብለውኝ ነበር። አሁንም ይያዙልኝ።

አ.ይ. መነጽሩን አገላበጠው። ጥሩ ዕቃ ነው አለ፤ ለአንድ ዓይን ግን ይበዛል። እማዬ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

እጁን ዘረጋ። ለመነጽሩ መስሎኝ፤ ለእስክሪብቶው ነው። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ጎተተው። የመሠረተ ትምህርት ፊደል፣ እያንዳንዱ እንደ ትራክተር ጎማ ትልቅ፣ ከመስመሩ ወጥቶ፦ ይመር። ረዳት የሚለው ላይ።

ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝ። ዓይን የሚለውን ሙዪው አለ። አባባ፣ እሱ ለሹፌር ብቻ ነው አልኩት። ሙዪው። ሰው ድንበር ሲሻገር ሙሉውን ይጻፍ። ጠርዙ ላይ፣ ባዶ ቦታ ፈልጌ ጻፍኩ፦ የረዳቱ ግራ ዓይን አያይም። ራሱ ነው የተናገረው። ኦቦ ዲንሳ አጎንብሰው አነበቡት። ፊደሉ ትክክል ነው አሉ።

ሐሙስ ንጋት ይወጣሉ። ተቆርጧል። እንድሪስ ከድንበሩ ወዲያ ይጠብቃል።

አሁን ውጭ ናቸው። ቅጹን ይዤ ውስጥ ቀረሁ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ። አባዬ ጀልባውን ከመንገድ ወደ ግቢ ሊያስገባ ነው፣ በአረንጓዴው በር፤ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ክንድ ብቻ ነው የሚተርፈው። ሞተሩ ተነሣ። መስኮቱ በዚያ በኩል አይደለም፣ አላይም። እሰማለሁ ብቻ።

ቋ። ቋ። ቋ።

ቀስ ይላል፣ ከእኔ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። አባዬ ግራ ቀኝ መወራጨቱን ትቷል፣ ሞተሩ አያጓራም።

ቋ። ቋ።

ቆመ።

ሞተሩም ቆመ። ምንም ነገር ሲሰበር አልሰማሁም። አባባ የሆነ ነገር ይላል፣ አባዬ ይስቃል፣ ልሂድና ልያቸው…